ለሦስት ቀን የቆመው አውቶቡስ

እንቢ ማለት የማይችል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀኝ ፊቴ ቀድሞኝ እሺ ይላል፤ አፌ ሊከራከር ሲደርስ ጉዳዩ አልቋል። የዕድር ጸሐፊ፣ የወላጅ ኮሚቴ አባል፣ የየስብሰባው ቃለ ጉባኤ ያዥ የሆንኩት በችሎታዬ ተመርጬ እንዳይመስላችሁ። ማን ይሥራው ሲባል ሁሉም ዘወር ብሎ የሚያየው እኔን ስለሆነ ነው። ይህን ጠባይ እናቴ ጨዋነት ትለው ነበር፤ ባለቤቴ እናትነሽ ደግሞ በሽታ ትለዋለች። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ እኔ ከእናቴ ሐሳብ ጋር ነበርኩ።

ያኔ ወረታ ላይ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። ከሸዋ ተመድቤ ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እዛወራለሁ ብዬ ነበር፤ ዐሥራ አንደኛው ዓመት ላይ የሩዝ እንጀራ ካልቀረበልኝ የማልጠግብ የፎገራ ሰው ሆኜ ራሴን አገኘሁት። በእነዚያ ዓመታት ስድስት የኪራይ ቤት ቀይረናል። አንዷ አከራይ እንግዳ አታብዙ ትለናለች፣ ሌላው ልብስ የሚታጠብበትን ቀን ይወስንልናል፣ አንዱ ደግሞ ሳያንኳኳ ገብቶ አልጋችን ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ ያጫውተናል። እናትነሽ ቪላ አላማራትም። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ግቢ ውጪ የማይላት፣ የራሷ ቁልፍ ያላት አንዲት በር።

እንግዲህ መምህራን በማኅበር ተደራጁ ተባለ። ዘመኑ የመደራጀት ነበርና ተደራጀን። ከከተማው ዳር፣ የሩዙ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ አንዳንድ ቁራሽ መሬት ተሰጠን፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት ያልሠራ ቦታውን ይነጠቃል የሚል ውልም ፈረምን። የሰጠንን ቢሮ ስም አልጠራም። አሁንም እዚያ ጉዳይ አለኝ።

ቦታውን በተረከብን በወሩ፣ ግንቦት ላይ፣ እኔና እናትነሽ አጥር ስናጥር አንድ አሮጌ አውቶቡስ ጢሱን እያትጎለጎለ መጥቶ ፊታችን ቀጥ አለ። ባለቤቱም ሾፌሩም አቶ አለኸኝ የሚባል፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳው የተጠጋ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የሚያወራ ሰው ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ፣ እናትነሽን እጅ ነሣ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«መምህር፣ የተሰበረውን የሚተካ ዕቃ ከባሕር ዳር ይዤ እስክመለስ ለሦስት ቀን ግቢዎ ይቁምልኝ።»

«ኧረ እስከፈለጉ ድረስ» አልኩ።

ይህ «እስከፈለጉ ድረስ» የሚሉት ነገር ምን ማለት እንደሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። ሰው ቤት ስንበላ ይበቃኛል የምንለው ዓይነት ቃል ነው፤ ማንም እንዳለ አይወስደውም። አቶ አለኸኝ እንዳለ ወሰደው። አውቶቡሱ በሰው ኃይል እየተገፋ ገብቶ ከግቢው ሁሉ ደረቅና ከፍ ያለው ቦታ ላይ፣ ማለትም የቤታችን መሠረት ሊቆፈርበት ችካል የተመታበት ላይ ቆመ። ምሳ አብረን በላን። ሰውዬው መጋረጃዎቹን ዘጋ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፈ፣ በሩን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «በታቦት አደራ» ብሎኝ ሄደ። የአባቱን ስም አልጠየቅሁትም። አውቶቡስ የሚያህል ንብረት አምኖ ለሚተውልኝ ሰው የአባትህ ማን ይባላል ማለት ሌባ ነህ እንደማለት ሆኖ ታየኝ።

ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ሳምንቱም አለፈ። ሰኔ ገባ። ፎገራን የምታውቁ ክረምቱን ታውቃላችሁ፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ዋልካው፣ ያ ጥቁር የሜዳው አፈር፣ አውቶቡሱን ቀስ እያለ ዋጠው፤ መጀመሪያ ጎማው፣ ቀጥሎ ደረጃው ጠፋና በሆዱ ተኛ። እናትነሽ ለቤቱ ብላ የገዛችው ቆርቆሮ የአከራያችንን ግቢ አጣበበ ተባለና እኛም አምጥተን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ደርድረን ድንጋይ ጫንንበት። ከውሃው በላይ የቀረ ሌላ ነገር አልነበረማ።

መስከረም ላይ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። ፖሊስ ተሰርቋል ወይ አለኝ፤ አልተሰረቀም። ሰው ገጭቷል? አልገጨም። ታዲያ ምን አጠፋ? ቆመ። መቆም ወንጀል አይደለም ተባልኩ። ወደ ትራፊኩ ሄድኩ። እሱ ደግሞ ሥልጣኔ መንገድ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ ቢሆን ዛሬውኑ አነሣልህ ነበር አለኝ። ገፍቼ መንገድ ላይ ባወጣውስ? እንግዲያው አንተን እከስሳለሁ አለ፣ ከልቡ እያዘነልኝ። በመልካም አስተዳደር ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ፤ ጥያቄዬ ገንቢ ነው ተብሎ ተመዘገበ፣ መዝጋቢውም እኔው ነበርኩ። ትምህርት ቤት ግምገማ ላይ ደግሞ አንድ ባልደረባዬ ተነሥቶ መምህሩ ለመኪና ማቆሚያ ኪራይ ይሰበስባል የሚባል ነገር አለ አለ። ዐሥራ አንድ ዓመት ኪራይ ስከፍል ኖሬ ኪራይ ሰብሳቢ ተብዬ ሂሴን ዋጥኩ።

ከዚህ በኋላ ያለኝ ተስፋ አያ ጥጋቡ ነበሩ። አያ ጥጋቡ ማሳቸው ከቦታዬ ጋር የሚዋሰን ገበሬ ናቸው፤ በሬዎቻቸው ተራራ ይጎትታሉ ይባላል። በደቦ በሬ ሰብስበው ሊያወጡልኝ ወዲያው ተስማሙ። ችግሩ ቀኑ ነበር። በሥራ ቀን በሬው ሥራ ላይ ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቀንበር አይነሣም። በዓሉን ስትቆጥሩት ደግሞ ወሩ የቀረው ቀን የለውም። መኪና መጎተት እርሻ አይደለምኮ ብዬ ተከራከርኩ።

«እሱን አንተ ታውቃለህ፤ በሬው በምን ይወቀው?» አሉኝ።

በመጨረሻ ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ፣ ዋልካው ሲደርቅ፣ የበዓል ስም የሌለው አንድ ማክሰኞ ተገኘ። በሬዎቹ መጡ፣ ሰንሰለት መጣ፣ ሰው መጣ። እናትነሽ ጠላ ጠምቃ፣ ንፍሮ ቀቅላ፣ አውቶቡሱ ሲገባ የነቀለቻቸውን ችካሎች በእጇ ይዛ ቆማለች። አያ ጥጋቡ ጅራፋቸውን አንሥተው ሊያነዱ ሲሉ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«ለመሆኑ ሰውዬው ምን ብሎህ ነው የሄደ?»

አደራ ብሎኝ ነው አልኳቸው። በምን? በታቦት። አያ ጥጋቡ ጅራፋቸውን አወረዱ። የቀሩት ገበሬዎችም ቀንበር ይፈቱ ጀመር። የአደራ ዕቃ በባለቤቱ እጅ ይነሣል እንጂ እኛ አንነካም፣ በልጆቻችን ይደርስብናል አሉኝ፤ ጠላውን ግን ጠጡ፣ ንፍሮውንም መርቀው በሉ። እናትነሽ ያን ዕለት የተናገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንዲት ቀን እንኳ መዋሸት አቃተህ? አለችኝ። የሥነ ምግባር መምህር አይደለሁ? አልኩ ለቀልድ። አልሳቀችም።

ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ከተፍ አለ። ሁለቱ ዓመት አለቀና ደብዳቤ መጣ፤ ባለሙያ መጥቶ ያያል፣ ያልተገነባ ቦታ ወደ መንግሥት ይመለሳል ይላል። አልደብቃችሁም፣ ፈራሁ። እናትነሽ ብትጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ማታ ማታ ችካሎቹን ከአልጋው ሥር አውጥታ ጭቃቸውን ትጠርግና መልሳ ታስቀምጣለች።

ባለሙያው የመጣው ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ጠዋት ነው። ጥሩ ጫማ የተጫማ፣ ትሑት ወጣት ነበር። ግቢያችን እስከ ጉልበት ጭቃ ስለሆነ ጃንጥላውን ዘርግቶ መንገዱ ላይ ቆመና ከአጥሩ ማዶ አየ። አጥሩ ታችኛውን ይጋርዳል። የአያ ጥጋቡ ባለቤት የዘሩት ዱባ ድንበር ዘሎ አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ አብቧል። ከዱባው ቅጠል በላይ የሚታየው ተራ የገቡ መስኮቶች፣ መጋረጃና የቆርቆሮ ጣሪያ ነው።

«ጣሪያ፣ ቆርቆሮ» አለ እየጻፈ። «መጋረጃም ሰቅላችኋል። በርቱ።»

እጅ ነሣሁት።

«ግድግዳው ምንድን ነው?»

«ብረት» አልኩት።

ቅጹን አገላበጠ። ጭቃ ይላል፣ ድንጋይ ይላል፣ ብሎኬት ይላል፣ ሌላ ይላል። ዘመናዊ ነው ብሎ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ገብታችኋል ወይ ሲለኝ ገና አልገባንም አልኩት። አስፈረመኝ፣ ግልባጩን ሰጠኝና ሄደ።

ልብ በሉልኝ፣ ያን ጠዋት አንድም ውሸት ከአፌ አልወጣም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው ብረት ነው፣ አልገባንም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ስለ ግልጽነትና ተጠያቂነት ያስተማርኩት ግን ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ነው።

ቦታው ዳነ። እናትነሽ አለቀሰች፣ እኔም ሳልቀር። አሁን እንግዲህ በቀስታ እንሠራለን ብለን የግንባታ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ማኅደሬ ወጣ። ቦታው ላይ ባለ አንድ ክፍል ቤት ስላለ ሌላ ለመሥራት መጀመሪያ ያንን ማፍረስ አለብኝ ተባልኩ። ለማፍረስ የማፍረሻ ፈቃድ ያስፈልጋል። የማፍረሻ ፈቃድ ለማግኘት የአዲሱ ቤት ፈቃድ መቅረብ አለበት። አውቶቡስ ነው እንዳልል ቦታው ይነጠቃል፣ ፊርማዬም አለበት። እኔ ሕግ አክብሩ እያልኩ የማስተምር ሰው ሕጉ መሐል ቆሜ መውጫው ጠፋኝ።

በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ በግቢያችን በር ላይ አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ቆሟል። አቶ አለኸኝ ነው። ከስቷል፣ ከዘራ ይዟል። ለካ ያን ሰሞን ባሕር ዳር ዕቃ ሲያወርድ ወገቡን ተመትቶ ተኝቶ ነበር፤ ሐኪም ቤት ቢመላለስ አልሆን ብሎት በመጨረሻ ወንዛዬ ወርዶ ፍል ውሃ ሲነከር ከርሞ ነው ቀጥ ብሎ መሄድ የቻለው። ጆንያው ውስጥ ያለው የዚያን ጊዜው ዕቃ ነው። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ንብረቱ ያው ይህ አውቶቡስ ብቻ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ ተበልቷል ተፈታቷል ሲለው መምህሩ አደራ አይበሉም እያለ መኖሩን ነገረኝ። አፈርኩ። ከሁለት ዓመት በላይ ስረግመው ነበር የኖርኩት።

ወሬው ተሰምቶ አያ ጥጋቡ በሬ እየነዱ መጡ። ባለቤቱ ከመጣማ ምን ይጠበቃል፣ ቀኑም ደህና ነው አሉና ሰንሰለት ማሰር ያዙ። እኔ እጄን ዘርግቼ ፊታቸው ቆምኩ።

«አይነካም» አልኩ።

«ምነው?» አለ አቶ አለኸኝ።

«ቤት ሆኗል።»

ከኪሴ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላቸው፤ አንድ ክፍል፣ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ግድግዳ ሌላ። አውቶቡሱ ከወጣ ቦታው እንደሚሄድ፣ እናትነሽ የምትገባበት እንደምታጣ ሳልደብቅ ነገርኩት። አቶ አለኸኝ ወረቀቱን ተቀብሎ ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ ባዶ ነው። አያ ጥጋቡ ሳይጠየቁ በሬዎቻቸውን ፈቱ። ሰውዬው ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ የቱ ቢሮ ነው አለኝ። ነገርኩት። ተነሣና አቧራውን አራገፈ።

«የእህቴን ቤት አፍርሼ መኪና አልነዳም። እኔ አስረድቼ ደብዳቤውን አወጣለሁ። ለሦስት ቀን ይቆይልኝ።»

የመለስኩለትን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም። እናትነሽ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ግን የዱሮው ቁጣ አልነበረም። አቶ አለኸኝ ከኪሱ ቁልፉን አወጣ፣ በጨርቁ ጠረገና በሁለት እጁ ለእሷ ሰጣት። እስኪመለስ ከፍታ ታናፍሰው ዘንድ፣ አይጥ እንዳይገባ ታይለት ዘንድ ለመናት። ከዚያ ከዘራውን ይዞ ወደ ቢሮው አቀና። ደብዳቤውን እስካሁን እየጠበቅን ነው።

እናትነሽ ቁልፉን ማተቧ ላይ አሰረችው። ዱባውን ከበሩ ላይ ገለጥ አደረገች፣ ሦስት ጊዜ ታግላ ከፈተች፣ ገባች፣ ከውስጥ ቆለፈች። ትወጣለች ብዬ ብጠብቅ አልወጣችም። ቢጨንቀኝ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ፣ ቀስ ብላ፣ ቃሉን እያጣጣመች። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ በስድስቱም ቤት፣ ይህን ጠይቃ አታውቅም ነበር።

እኔ ነኝ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ።