የአዴ አሲያ ቴምሮች

ያን ቀን ነገሌ ፀሐይ ሳታይ ዋለች። የሐምሌ ደመና ተንጠልጥሏል፤ ዝናብ አይሰጥ፣ ገለል አይል። ጎረቤቴ አዴ አሲያ እርጥብ ጨርቅ በፌስታል ጠቅልለው ደጄ ላይ ቆሙ።

«አካም ጂርታ፣ በዛብሽ እህቴ? እነዚህ ልጆች በርዷቸዋል። ማሎ፣ እባክሽ፣ ምድጃሽ አጠገብ ይደሩልኝ።»

ልጆች ያሏቸው የቴምር ዘሮች ናቸው።

በየሰፈሩ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው በልቶ የሚተፋውን ዘር አጥቦ የሚያስቀምጥ። አንዱ የማንጎ ነው፣ ሌላው የአቮካዶ። የእኛዋ ክብርት አዴ አሲያ የቴምር ናቸው። በረመዳን እንግዳ ቴምሩን አላምጦ ሳይጨርስ መዳፋቸውን ከአገጩ ሥር ይዘረጋሉ። «ትፋው ልጄ፣ አትፈር።» አንድ ከዱብሉቅ ገበያ የመጣ ከብት ነጋዴ ደንግጦ ዘሩን ዋጠው። እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል፤ ለሰውየው ሳይሆን ለዘሩ።

ዘሩ ይታጠባል፣ ውሃ ውስጥ ይሰነብታል፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሙቅ ቦታ ይፈለግለታል። ሙቅ ቦታ ማለት የሰው ቤት ነው። የአንዱ ቴሌቪዥን ጀርባ፣ የሌላው ፍሪጅ ላይ፣ የእኔ ምድጃ አጠገብ። እኔ ሳምቡሳ የምጠብስ ሴት ነኝ፤ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ እዚህ ምድጃ ሥር ከተቀመጥኩ አልተነሳሁም። የወለድኳቸውን አሳድጌ ሳልጨርስ የቴምር ሞግዚትነት ተጨመረብኝ።

ነጭ ሥር ሲያወጣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተክለው ለየቤቱ ያድላሉ። «ይቺ ሴት ናት» ይላሉ። የሰጡት ሁሉ ሴት ነው። ቴምር ሳያብብ ወንድነቱ ሴትነቱ አይለይም ያላቸው ሰው ቢኖር፣ «አንተ አይለይህም» ብለው ዝም አሰኙት።

አንዷን ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዷን በራቸው ላይ ተከሉ። ቧንቧው በጠፋበት በጋ እንኳ በአጥር ላይ ብቅ ይላሉ። «አጠጣሻት?» የዕቃ እጣቢ እደፋባት ነበር። ወድጄ አይደለም፤ ከአዴ አሲያ ጋር መከራከር ውሃ ከመቅዳት ስለሚብስ ነው።

ዓመታት አለፉ። በራቸው ላይ ያለችው ሰፋች። ልጃቸው ፋዲል ባጃጅ ገዛ፤ ሲገባና ሲወጣ እሾኋ ሸራውን ይቀደዋል።

«እማ፣ ወይ ታፍራ ወይ ትቆረጥ።»

«በሚቀጥለው ረመዳን በእሷ ፍሬ ነው የምናፈጥረው።»

የሚቀጥለው ረመዳን ሁልጊዜ የሚቀጥለው ነበር። በመጨረሻ አበበች፤ ነፋስ ሲነካት ነጭ ዱቄት በተነች። ከጅግጅጋ ጨርቅ የሚያመጣው ሺሬ ቀና ብሎ አየ። «አዴ፣ ይሄ እኮ ወንድ ነው። አያፈራም።»

ፋዲል መጥረቢያ አወጣ። አዴ አሲያ ለዛፉ ጀርባቸውን ሰጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

የእኔዋም ያን ሰሞን ጓሮ ውስጥ አብባ ነበር። ዱቄት የላትም፤ እንደ ዶቃ የተደረደረ ትንንሽ ቢጫ ነገር ነው ያወጣችው። እጄን በሽርጤ ጠረግሁና ወጣሁ።

«ፋዲል፣ ተው።»

«ምን ይሠራልናል፣ እትዬ በዛብሽ? ወንድ ነው።»

«የእኔዋ ሴት ናት። ባሏን ልትገድልባት ነው?»

አዴ አሲያ ዞር አሉ። «ሴት ናት አላልኩሽም?»

ወዲያው ከወንዱ ዛፍ አንድ የአበባ ዘለላ አስቆርጠው መጥተው በእኔዋ አበባ ላይ አራገፉት። ሽማግሌ አልተላከም፣ ጥሎሽ አልተጠየቀም። በሙስሊምና በክርስቲያን ቤት መካከል ዘመድ ያልተቆጣበት ጋብቻ ይኸው ነው። መጥረቢያው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ «አማቼ» ተባልኩ።

ፍሬው ትንሽ ነው፣ ይጎመዝዛልም። አዴ አሲያ ያኔ ከሰፈር ሄደው ነበርና የመጀመሪያውን በሚኒባስ ላክሁላቸው። ስልክ ደወሉ፤ ጣፈጠም አልጣፈጠም አላሉም።

«የተረፈሽን ዘር ጣልሽው?»

አልጣልኩትም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ምድጃዬ አጠገብ ነው። አዴ አሲያ አሁን ተልተሌ፣ ሴት ልጃቸው ፈርሃና ዘንድ ናቸው። አገሩ ለዘሩ ሙቅ ነው ይላሉ።