የፋሩቅን መኪና ውስጧን ለማስዋብ የተቋቋመው ኮሚቴ

ቀን፦ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካነ ሰላም፣ ፋሩቅ ግቢ፣ መኪናዋ ከቆመችበት የቆርቆሮ ዳስ ሥር
ሰዓት፦ በጥሪው መሠረት 8፡00፤ በተግባር ከአሱር ሶላት በኋላ

የተገኙ
1. ሼህ አብዱሰላም፣ የባለመኪናው አጎት፣ የቁርአን መምህር፦ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ዘሊካ፣ የባለመኪናው እናት፦ አባል
3. ባሲማ፣ የባለመኪናው እህት፣ ከዓረብ አገር ተመላሽ፦ አባል
4. አቶ አራጋው፣ ጎረቤት፣ የበቅሎ ኮርቻ ሠሪ፦ አባልና ባለሙያ
5. ፋሩቅ፣ ባለመኪናው፦ ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚመለከተው ድምፅ የሌለው
6. ሀይፋ፣ የባለመኪናው ሚስት፣ የወረዳ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ ጸሐፊ። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም ተብሎ በመጀመሪያው ስብሰባ ስለተወሰነ ድምፅ የሌላት

ድምፅ ካላቸው አራት አባላት አራቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ኮሚቴው ለሥራ ሲጠራ እንጂ ለስብሰባ ሲጠራ ጎድሎ አያውቅም።

መክፈቻ

ሰብሳቢው ስብሰባውን በዱዓ ከፍተዋል። ለአገር ሰላም፣ ለዝናብ፣ ለታመመ፣ ለመንገደኛ ከለመኑ በኋላ በመጨረሻ ለመኪናዋም ለምነዋል። ቀጥለውም ኮሚቴው ለምን እንደተቋቋመ ለመዝገብ ያህል አስታውሰዋል።

መኪናዋ ቀይ፣ ባለሁለት በር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የድሮ ስፖርት መኪና ስትሆን በዕድሜ ባሲማን ትበልጣለች። ባሲማ ይህ ዓረፍተ ነገር ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠይቃ ሐሳቧ በድምፅ ብልጫ ወድቋል። ፋሩቅ ሞተሩን ከሠራ ሰንብቷል፤ ሞተሩ ደህና ነው። የቀረው ውስጧ ነው። ይህንንም በገዛ ግቢው፣ በገዛ እጁ ሲሠራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። የመጀመሪያ ሥራው የጣሪያውን ጨርቅ በሙጫ መለጠፍ ነበር። ጨርቁ እርሱና ሰብሳቢው ወደ አቀስታ ሲሄዱ በመንገድ ላይ ተላቆ ሰብሳቢው ጥምጥም ላይ ወርዷል። ሰብሳቢው መለከል መውት፣ የሞት መልአኩ፣ የመጣባቸው መስሏቸው ሸሃዳ ካሉ በኋላ ጨርቅ መሆኑን ሲያዩ እዚያው መንገድ ዳር ሆነው ኮሚቴውን አቋቁመዋል። ከዚያ ወዲህ ፋሩቅ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ሙጫ አይነካም።

የዛሬው ስብሰባ አስቸኳይ የሆነው እሑድ ወረኢሉ ላይ የሀጀራ ኒካህ ስላለና መኪናዋ እንድትሄድ ስለታሰበ ነው። ሀጀራ የጸሐፊዋ ታናሽ እህት ናት። ይህን ጸሐፊዋ የጻፈችው በስብሰባው ላይ ማንም ስላላነሳው ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ወንበሮች

ሁለቱ ወንበሮች ተነቅለው ግድግዳ ተደግፈው ይገኛሉ። ፋሩቅ ጥቁር ቆዳ በቀይ ክር ተሰፍቶ እንዲለብሱ እንደሚፈልግ ገልጾ በስልኩ ቪዲዮ አሳይቷል። ኔትወርክ በመቋረጡ ግን ቪዲዮው ላይ ያለው ባለሙያ ሙጫውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀርቷል። ወ/ሮ ዘሊካ ሰውዬው ምን እንደሚጠብቅ ጠይቀው፣ ፋሩቅ ኮሚቴ እየጠበቀ ይሆናል ሲል መልሷል። ሰብሳቢው ባለመኪናው ድምፅ እንደሌለው፣ ቀልድም ድምፅ እንደሆነ አሳስበዋል።

ባሲማ በበኩሏ ወንበር የሚባል ነገር ጊዜው ያለፈበት መሆኑን አስረድታለች። ከዓረብ አገር ያመጣችው መጅሊስ የሚባል የወለል ፍራሽ ከነመከዳው ሳይፈታ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ያ ቢነጠፍ መንገደኛ ዘና ብሎ፣ ክንዱን መከዳ ላይ ጥሎ ይሄዳል ብላለች። ፋሩቅ እግሩን አጣጥፎ ፍሬን እንዴት እንደሚይዝ ጠይቋል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ፍሬን አያስፈልገውም የሚል ምላሽ ተሰጥቶታል።

አቶ አራጋው ኮርቻ ሲሠሩ ዕድሜያቸውን መፍጀታቸውን፣ ከኮርቻቸው ላይ ከሰካራም በቀር የወደቀ ሰው አለመኖሩን ገልጸው፣ የሹፌሩ ወንበር ከፊት መያዣ ያለው ኮርቻ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። እርካብ ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቀዋል። ፋሩቅ እግሩ የሚሠራው ከታች ባሉት ሦስት ፔዳሎች መሆኑን ሲነግራቸው፣ ባለመኪናው ስንት እግር እንዳለው ለመቁጠር ጎንበስ ብለው አይተዋል።

በዚህ ጊዜ ፋሩቅ እንዲህ ከሆነ ስብሰባውን ረግጦ እንደሚወጣ አስታውቋል። ሰብሳቢው "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው ለራሷ አሳጠረች" የሚለውን አስታውሰውታል። ፋሩቅ ግቢውም መኪናውም የራሱ መሆኑ፣ ወጥቶም የሚሄድበት አለመኖሩ ስለታየው ተመልሶ ተቀምጧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሹፌሩ ወንበር በአቶ አራጋው እጅ ኮርቻ እንዲሆን፣ የጋቢናው ወንበር ቀርቶ በቦታው መጅሊስ እንዲነጠፍ፣ የባለመኪናው ጥቁር ቆዳ ደግሞ በምኞትነት እንዲመዘገብ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለ ወለሉ

መጅሊስ ካለ ስጋጃ መኖሩ ግድ ነው ተብሎ ወ/ሮ ዘሊካ ቀዩን ስጋጃ ከሳሎን አውጥተው ለመቁረጥ ፈቅደዋል። ልክ ይታይ ተብሎ መኪናዋ ውስጥ ሲነጠፍ በጣም አምሮባታል፤ ችግሩም የመጣው በማማሩ ነው። ሰብሳቢው ስጋጃ ላይ በጫማ እንደማይወጣ አሳስበው፣ ማንኛውም ሰው ወደ መኪናዋ ሲገባ ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ጠይቀዋል።

ፋሩቅ በባዶ እግር መንዳት በትራፊክ ያስጠይቃል ብሏል። ወ/ሮ ዘሊካ ትራፊኩ የሰው ልጅ በባዶ እግሩ ሲወርድለት ቢያይ አዝኖ ይለቀዋል ብለዋል። አቶ አራጋው የካልሲያቸው ሁኔታ የቤተሰብ ምስጢራቸው ስለሆነ ጫማ ማውለቁን እንደማይቀበሉት አስመዝግበዋል። ለሹፌሩ ቀኝ እግር ብቻ ይፈቀድ የሚል አስታራቂ ሐሳብ ቀርቦ፣ ጭቃ በአንድ እግርም ይገባል በሚል ውድቅ ሆኗል።

የወለቀው ጫማ በፌስታል ተደርጎ አንድ ሰው ይያዘው ተብሎ ሁሉም አባላት ባንድ ጊዜ ጸሐፊዋን አይተዋል። ጸሐፊዋ መኪናዋ ውስጥ ትኑር አትኑር ገና ያልተወሰነ በመሆኑ የፌስታሉ ጉዳይ ለአጀንዳ 4 ተላልፏል።

አጀንዳ 3፦ ስለ መጋረጃ

ያለ ክርክር አልፏል። ወ/ሮ ዘሊካ ዘርፍ ያለው መጋረጃ በመስኮቶቹና በፊት መስታወቱ ላይ እንዲሰቀል ጠይቀው፣ ፋሩቅ መንገዱን በምን እንደሚያይ ሲጠይቅ፣ "መንገዱን እንደሆነ ታውቀዋለህ" ብለውታል። መጋረጃው ኩርባ ላይ ብቻ እንዲገለጥ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ እሑድ ጋቢና ማን ይቀመጣል

ጋቢና የክብር ቦታ መሆኑ ይታወቃል። መኪናዋ ከተገዛች ወዲህ ጋቢናዋ ላይ ሰብሳቢው፣ ወ/ሮ ዘሊካ፣ ባሲማ ከነሻንጣዋ፣ አቶ አራጋው ከነመርፌያቸው፣ አንድ የእንስሳት ሐኪምና አንድ ሙክት ተቀምጠዋል። ሙክቱ ወደ ወረኢሉ ገበያ ሲሄድ ቀበቶ ታስሮለት ነበር። ጸሐፊዋ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለችም።

ሰብሳቢው ኒካሁን የሚያስሩት እርሳቸው ስለሆኑ ቦታው የሚገባው ለእርሳቸው መሆኑን፣ ነገር ግን ይገባኛል ማለት እንደማይወዱ፣ ስለሆነም ሌላ ሰው እንዲልላቸው ጠይቀዋል። ወ/ሮ ዘሊካ ሹፌሩን የወለዱት እርሳቸው እንደሆኑ አስታውቀዋል። ባሲማ መጅሊሱ የእርሷ ነው፤ ሰው በራሱ መጅሊስ ላይ እንግዳ አይሆንም ብላለች። አቶ አራጋው ኮርቻው አዲስ ስለሆነ ኩርባ ላይ ሹፌሩን እንዴት እንደሚይዝ ከጎን ሆኖ የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ካልሲ ተውሰውም ቢሆን ይመጣሉ ብለዋል።

ክርክሩ እየጋለ ሄዶ ባሲማ ከእናቷ አጠገብ ተነስታ ዳር ሄዳ ተቀምጣለች።

በዚህ መሀል ፋሩቅ አንድ ነገር ሊናገር ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ እናቱን አይቶ ዘግቶታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰብሳቢው እስከ አቀስታ፣ ወ/ሮ ዘሊካ ከአቀስታ እስከ ጉጉፍቱ፣ ባሲማ ከጉጉፍቱ እስከ ወረኢሉ ጋቢና እንዲቀመጡ፣ ተራ ጠባቂዎች ከኋላ በሚኒባስ እንዲከተሉ፣ አቶ አራጋው በየፌርማታው ወርደው ኮርቻውን እንዲፈትሹ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊዋ የጫማውን ፌስታል ይዛ፣ ለሰርጉ ከሚሄደው በግ ጋር በሚኒባሱ እንድትመጣ ተመድባለች። በጉ ላይ የቀረበ ተቃውሞ የለም።

ቃለ ጉባኤውን ስለማጽደቅ

በልማዱ መሠረት ጸሐፊዋ ከላይ ያለውን ሁሉ ለአባላት አንብባለች። ከተለመደው ትንሽ ከፍ ባለ ድምፅ እንዳነበበች አባላት አስተያየት ሰጥተዋል። ከመጨረሻው መስመር በኋላም ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አክላለች።

"ሙሽራይቱ እህቴ ናት። ይቺ መኪና ስትፈታና ስትገጠም ሦስት ዓመት ባትሪ አብርቻለሁ፣ ቡሎን ለቅሜያለሁ። ሙክት የተቀመጠበት ቦታ ላይ አንድ ቀን ባሌ አጠገብ ብቀመጥ ምን ይጎድልባችኋል?"

ሰብሳቢው ጸሐፊ እንደማይናገር አስታውሰዋል። ወ/ሮ ዘሊካ ዝም በል በሚል ዓይነት እጃቸውን ወደ ሰብሳቢው አንስተው፣ ወደ ጸሐፊዋ ዞረው፣ ለምን እስከ ዛሬ እንዳልተናገረች፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት እንደሚቀር አታውቅ እንደሆነ በቁጣ ጠይቀዋታል። ጸሐፊዋ እንዳትናገር የወሰነው ኮሚቴው መሆኑን፣ ሐሳቡን ያቀረቡትም ራሳቸው ወ/ሮ ዘሊካ መሆናቸውን ከመዝገብ ጠቅሳ መልሳለች። ወ/ሮ ዘሊካ የሚከተለውን ተናግረዋል፤ ቃል በቃል እንዲጻፍም አዘዋል።

"የፋሩቅ አባት ሃያ ዓመት አይሱዙ ነዳ። ጋቢናው አንድ ቀን የሼህ ነው፣ አንድ ቀን የቄስ፣ አንድ ቀን የሹም፣ አንድ ቀን የታመመ። እኔ ከኋላ ጆንያ ላይ ነበርሁ። እሱም 'ሰው ምን ይለኛል' ይላል እንጂ ልቡ እንደኔው ነበር። አንድ ቀን ቦታው ባዶ ሆነና 'ነይ ዘሊካ፣ ጋቢና ግቢ' አለኝ። የለመድሁት ጆንያ ይሻለኛል ብዬ አኮረፍሁት። ሌላ ጊዜ እገባለሁ ብዬ ነበር፤ ወላሂ ሌላ ጊዜ አልመጣም፣ ሞተብኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይቺ ልጅ ትግባ።"

አቶ አራጋው ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው ወስደው አቧራ ገባብኝ ብለዋል። ባሲማ እናቷ አጠገብ ሄዳ ተቀምጣለች። ፋሩቅ ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ ድምፅ ባይኖረውም መናገር እንደሚፈልግ ገልጾ፣ "እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት እሷን ነበር" ብሏል። ጸሐፊዋ ይህን ሳትዘለው ጽፋዋለች፤ ዘግይቷል የሚለውንም ጨምራለች።

ሰብሳቢው የጸደቀ ውሳኔ በምን ደንብ እንደሚሻር ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ኮሚቴው ስለ ደንብ ተሰብስቦ ስለማያውቅ የሚጣስም ደንብ እንደሌለ አስረድታለች። ስለዚህ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ከአጀንዳ 1 እስከ አጀንዳ 4 የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረዋል። ስጋጃው ሳይቆረጥ ወደ ሳሎን ይመለስ። መጅሊሱም፣ መጋረጃውም፣ ኮርቻውም ይቅር። ሁለቱ ወንበሮች እንደተቀደዱ በቦታቸው ይታሰሩ፤ ማን ምን እንደሚያለብሳቸው ከሰርጉ በኋላ ባልና ሚስቱ ይወስኑ። ጋቢና ለሰው ብቻ ይሁን፤ እሑድም ጸሐፊዋ ትቀመጥበት። ጸሐፊ አይናገርም የሚለው ውሳኔ ተሽሯል። ኮሚቴው ፈርሷል። አቶ አራጋው በኮርቻው መቅረት የልዩነት ሐሳብ አስመዝግበዋል፤ ባሲማም በጉን በመወከል ጋቢና ለሰው ብቻ መሆኑን ተቃውማለች። ሁለቱም ተመዝግበው ተሽረዋል።

ፋሩቅ ወዲያው የቡሎን ቁልፉን አንስቶ የጋቢናውን ወንበር አስሯል። ሦስት ዓመት ያልታየ ፍጥነት መሆኑን ሰብሳቢው መስክረዋል።

የፈረሰው ኮሚቴ የመጨረሻ ስብሰባ ከመግሪብ አዛን ትንሽ ቀደም ብሎ፣ 11፡40 ላይ፣ ሰብሳቢው ዱዓ አድርገው፣ ሁሉም አሚን ብለው ተበትኗል። አባላት ቃለ ጉባኤውን የፈረሙት ኮፈኑ ላይ ሲሆን ወረቀቱን የተቀበሉትም የመለሱትም በመኪናዋ መስኮት በኩል ነው። ጸሐፊዋ ወንበሩ ከታሰረ ጀምሮ ከጋቢና አልወረደችም። ሰርጉ እሑድ መሆኑ፣ ዛሬ ደግሞ ገና ሐሙስ መሆኑ ተነግሯታል።