በሁዳዴ ለተጠጣ ወተት ማን ይክፈል?

በዚህ አገር ሳይጉላላ የሚስተናገድ ባለጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሟች ነው! አትስቁ፣ የምሬን ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ውኃ ለማስቀጠል ወይ አንዲት ደብዳቤ ለማስፈረም ሞክሩ፤ ጸጉራችሁ ይሸብታል። ሙቱ እስቲ... ድንኳኑ ተተክሎ፣ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ ይጠብቃችኋል። እድር ለሞተ ሰው ፈጣን ነው። ጣጣው የሚመጣው በሕይወት ያለ ሰው "እኔንስ?" ያለ ቀን ነው።

የእኛ እድር ይህን ጣጣ በራሱ ላይ የጠራው ሊቀመንበሩ ጋሽ አለኸኝ ቡሬ ሄደው የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው የተመለሱ ጊዜ ነው። ዘመኑ ሁሉም ነገር "የአሠራር ለውጥ" የሚባልበት፣ የቢሮ ዘበኛ እንኳ ተቀምጦ የሚገመገምበት ዘመን ነበር። ጋሽ አለኸኝም "ከእንግዲህ እድራችን ሞት ብቻ የሚጠብቅ ኋላ ቀር ተቋም አይሆንም!" ብለው አወጁ። ጧሪ ልጅ የሌለው አባል መጦሪያ ቢገባ፣ ምግቡንና አልጋውን እድሩ እንዲሸፍን ደንብ ወጣ። አጨበጨብን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማናችንም መጦሪያ የሚገባ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም፤ ጭብጨባው ስለዚህ ከልብ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ አክስቴ እማሆይ ጥሩወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። እማሆይ ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው በጾም በጸሎት የሚኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ቤት ይቀመጡ ብዬ ብለምን "የሰው ትዳር መሃል አልጋ አላስዘረጋም" ብለው አሻፈረኝ አሉ። እናም ከተማው ዳር ካለ አንድ መጦሪያ በእድሩ ወጪ ገቡ። መጦሪያውን የምታስተዳድረው ሲስተር ስንታየሁ የምትባል ጎልማሳ ነርስ ናት። አስተዳዳሪ ነኝ ብላ ወንበር ላይ አትቀመጥም፤ አረጋውያኑን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ቁጣቸውንም ትችላለች። የእማሆይን ቁጣ መቻል ደግሞ፣ እኔ ያደግሁበት ስለሆነ አውቀዋለሁ፣ ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ሁሉም ነገር ደህና ነበር... የየካቲት ሒሳብ እስኪመጣ ድረስ።

ጋሽ አለኸኝ ወረቀቱን ይዘው እቢሮዬ ድረስ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

"አንብብ።"

"አልጋ፣ እንጀራ በሽሮ፣ ሳሙና..."

"ወረድ በል!"

ወረድ አልኩ። "ወተት፣ በቀን ሁለት ብርጭቆ።"

"በሁዳዴ!" አሉ፣ ቢሮው ሙሉ እስኪዞር። "እማሆይ ጥሩወርቅ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምራቃቸውን የማይውጡ ሴት! ይቺ ነርስ ሌባ ናት። ያልተጠጣ ወተት እድራችን አይከፍልም!"

እኔም አመንኳቸው። ታዲያ ማን አያምን? እማሆይ እኮ በልጅነቴ ኩፍኝ ይዞኝ ስቃትት እናቴ በጾም ቀን በማንኪያ ወተት ልታቀምሰኝ ስትል "አሁን ያስለመድሽው ኋላ አይመለስልሽም" ብለው ማንኪያውን የነጠቁ ሰው ናቸው። በንዴት ወደ መጦሪያው ገሰገስኩ።

ሲስተር ስንታየሁ ልብስ እያሰጣች ነበር። ወረቀቱን አየች፤ አልደነገጠችም።

"የጠጡትን ነው የጻፍነው" አለችኝ።

"እማሆይ?"

"ከእሳቸው ጠይቅ። እኔ የታካሚ ነገር አላወራም።"

ከዚያ በኋላ የደብዳቤ ጦርነት ተከፈተ፤ አመላላሹ ደግሞ እኔ! እድሩ "ላልቀረበ አገልግሎት ክፍያ ስለመከልከል" ብሎ ይጽፋል፤ መጦሪያው "ለቀረበ አገልግሎት ክፍያ ስለመጠየቅ" ብሎ ይመልሳል። በመካከላቸው ያለው መንገድ የዐሥር ደቂቃ ነው። ሁለቱም ግን ተያይተው ከሚነጋገሩ የእኔን ጫማ መጨረስ መረጡ። በመጨረሻ የመጦሪያው ቦርድ ቆረጠው፦ በዐሥራ አምስት ቀን ካልተከፈለ አልጋው ይለቀቅ።

ይሄኔ ከእማሆይ አልጋ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩ።

"እማሆይ፣ ይህ የወተት ነገር..."

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ማን ነገረህ?"

ለካ ጠጥተዋል! ሐኪሙ አጥንቱ እንዲጠግን፣ መድኃኒቱም ሆዳቸውን እንዳያቃጥለው የግድ ወተት ብሎ ኖሯል። እምቢ ብለው ሳምንት ሲዳከሙ የንስሐ አባታቸው መምሬ አድማሱ መጥተው ፈቀዱላቸው፤ ፈቀዱ ብቻ ሳይሆን አዘዟቸው። እማሆይ ግን ብርጭቆውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ሰው የሌለበትን ሰዓት ጠብቀው ነበር የሚጠጡት።

ያቺ ማንኪያ ትዝ አለችኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን አየሁ።

"ስንቱን ቆጥቼ፣ ስንቱን አሳፍሬ..." አሉ። "ለእድሩ ከምትነግር ቅበረኝ።"

"ቢቀበሩማ እድሩ በሰዓቱ ይከፍል ነበር!" አልኩ። አልሳቁም።

የማታ ማታ ጋሽ አለኸኝ "ባለጉዳይዋ ባሉበት ይጣራ" አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤውን ይዞ መጦሪያው ግቢ ዋርካው ሥር ተሰየመ። መምሬ አድማሱም የኮሚቴው አባል ናቸው፤ ምስጢሩን ስለሚያውቁና መናገር ስለማይችሉ ጭራቸውን እያወዛወዙ የሌለ ዝንብ ያባርራሉ። እማሆይን ከነወንበራቸው ተሸክመን አወጣናቸው።

"አንቱ እማሆይ" አሉ ጋሽ አለኸኝ ጎንበስ ብለው፤ "ድፍረት አይሁንብኝና... በዚህ በሁዳዴ ወተት ቀምሰዋል?"

እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ። "እኔ በፈቃዴ ወተት አልቀመስሁም።"

"ሰማችሁ? ጻፍ!" አሉ ጋሽ አለኸኝ ለጸሐፊው። "መጦሪያው በሐሰት ሒሳብ..."

የአነጋገሩ ውስጠ ወይራ የገባን መምሬ፣ ሲስተር ስንታየሁና እኔ ብቻ ነን። በፈቃዳቸው አልቀመሱም፤ በሐኪም ፈቃድ ነው የቀመሱት! ሲስተር ስንታየሁ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። አንዲት ቃል ብትናገር ትድን ነበር። አልተናገረችም። ሌባ ተብላ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

እማሆይ አዩዋት። በየሌሊቱ ስታገላብጣቸው የከረመችውን ልጅ አዩዋት።

"ቆይ አንት አለኸኝ" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። "በፈቃዴ አልሁ እንጂ አልጠጣሁም አላልሁም። ታምሜ፣ ታዝዤ ጠጥቻለሁ። በቀን ሁለት ብርጭቆ። ልጅቱ አንዲት ጠብታ አልጨመረችም።"

መምሬ ጭራቸውን አስቀመጡ። አሁንማ አበቃ፣ ጋሽ አለኸኝ ይቅርታ ጠይቀው ይከፍላሉ ብዬ ነበር... አትሞኙ! ሰውዬው ሥልጠና የወሰዱ ናቸው።

ደንቡን ገለጡ። "ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት ነው። ደንባችን ምግብና አልጋ እንጂ መድኃኒት አይሸፍንም።"

ሲስተር ስንታየሁ ያን ጊዜ ነው የሳቀችው፤ የሳቅ ይሁን የለቅሶ የማይለይ።

መምሬ አድማሱ ብድግ አሉ። "መልካም። ጸሐፊ፣ ጻፍ። ኮሚቴው መክሮ ወተቱ መድኃኒት ነው ካለ አይክፈል፤ እማሆይም አልጋቸውን ይልቀቁ። ምግብ ነው ካለ ይክፈል፤ ግን እማሆይ ጥሩወርቅ በሁዳዴ ጾም ገድፈዋል ማለቱ ነውና ከሥር ይፈርምበት። ማን ይጀምር? ጋሽ አለኸኝ?"

እስክሪብቶው ከእጅ እጅ ዞረ። አንዱ መነጽሬን ረሳሁ አለ፤ ሌላው ከብት አላስገባሁም ብሎ ተነሣ፣ በጠራራ ፀሐይ! አልጋ ላይ ያለች መነኩሲት ገደፈች ብሎ የሚፈርም ጠፋ። አልጋዋን የሚነጥቃትም እንዲሁ።

በመጨረሻ ጸሐፊው፣ ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "ለምን... 'ልዩ ልዩ' አንለውም?"

ወይ ግሩም! ምግብም አይደለ፣ መድኃኒትም አይደለ፤ ልዩ ልዩ! ጋሽ አለኸኝ ፊታቸው በራ፤ ፈርመው ከፈሉ። ሲስተር ስንታየሁንም፣ ለእውነት ያህል፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቋት።

ከዚያ ወዲያ እማሆይ በነጠላ መሸፈኑን ተዉት። ደጅ ወጥተው ፀሐይ እየሞቁ ነው የሚጠጡት። በቀደም ረቡዕ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ አለኸኝ ብቻቸውን መጡ። ሆዳቸውን ደገፍ አድርገው፣ ግራ ቀኝ ቃኝተው፣ በሹክሹክታ፦

"እማሆይ... ያ ሐኪም የት ነው የሚሠራው? ይቺ ጨጓራዬ እኮ ልትገድለኝ ነው።"

እማሆይ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው፤ ቁጣ ስጠብቅ ወደ ጓዳው ተጣሩ።

"ስንታየሁ! ከመምሬ ጋር እስኪመክርበት ድረስ ለአለኸኝ ደህና አጥሚት ስሪለት። መምሬ ከፈቀዱለት ደግሞ... አንድ ብርጭቆ ልዩ ልዩ!"