ያለ ዱላ የሚያቃስት ማሲንቆ

ሰው ሲያቃስት መስማት አልወድም። በተለይ የሚያቃስተው ሰው እኔ ከሆንኩ፣ አፌ ደግሞ በክትፎ ተሞልቶ ከሆነ።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኦቤትስ ከሚባል ቦታ ካለ የዕቃ መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ዳዊት የሚባል ሰው አለ። በየሠርጉ እሱ ኪቦርድ፣ እኔ ማሲንቆ እንጫወት ነበር። አንድ ቅዳሜ ክሊቭላንድ አቬኑ አጠገብ ካለው ቤቱ ወሰደኝና ቤዝመንት አስገብቶ ማይክ ደቀነብኝ። «ጋሼ፣ አንድ አንድ ድምፅ ብቻ ይስጡኝ፤ ሪከርድ አደርገዋለሁ» አለ። አንቱ እያለ ዘረፈኝ። እኔ ሞኙ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስገዘግዝለት ዋልኩ።

ከዚያ ቤክስሊ ሰፈር ሠርግ ተጠራሁ። እንደ እንግዳ። ማሲንቆህን ይዘህ ና ያለኝ የለም። ዳዊት ኪቦርዱን ሲነካ ግን የወጣው የእኔው ማሲንቆ ነው፤ በላፕቶፕ ከዋሽንትና ከቫዮሊን ጋር ተለውሶ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

ይህም አልበቃም። ቀጭኗን ድምፅ በነካ ቁጥር ስፒከሩ «እህ» ይላል። ማን ነው ያቃሰተው? እኔ ነኛ!

ልጅ ሆኜ ማሲንቆ ያስተማረኝ ሰው፣ ጣቴ ያቺን ድምፅ በሳተ ቁጥር በደጋኑ እንጨት አንጓዬን ይለኝ ነበር። ዱላው ሳያርፍ አስቀድሞ ማቃሰት ለመድኩ። ዱላው ሲቀር ማቃሰቱ አልቀረም። ሚስቴ እንኳ አታውቅም። ዕድሜ ልኬን ከማሲንቆው ድምፅ ሥር ደብቄው ኖርኩ። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማው።

ጎኔ የተቀመጡት እትዬ ዘውዴ ዞረው አዩኝና «ይማርህ» አሉ። ላፕቶፑ ደገመ። እሳቸውም ደገሙ። ሰባት ጊዜ። እኔ አይደለሁም ብል ማን ያምነኛል?

ሰኞ ዳዊትን መጋዘን አገኘሁት። ልለው ያሰብኩት ብዙ ነበር። ያልኩት «ያቺን እህ አጥፋት» ብቻ ነው። አንድ ክሊክ ናት፣ ክሊን አደርጋታለሁ አለ። አደረጋትም። ሁለት ሠርግ እንኳ ሳይሞላው መልሶ አስገባት። ለምን ስለው፣ ያለ እሷ ጭፈራው ቀዘቀዘ፣ ሰው ተቀምጦ ስልኩን ይጎረጉራል አለኝ። «ጋሼ፣ ለካ የማሲንቆው ነፍስ እሷ ናት!»

እንዲያውም አሁን የራሷ ቁልፍ አላት። በፈለገው ድምፅ ላይ ይጭናታል። ዋሽንቱንም ያስቃስተዋል። ዋሽንቱን ደግሞ ማን መታው?

ዱላ ያስተምራል ሲሉኝ አድጌያለሁ። እውነታቸውን ነው። እኔ ተገረፍኩ፣ ላፕቶፕ ተማረ። አንድ ቀን እንኳ ሳይመታ ያቃስታል።

ዛሬም ሠርግ እጠራለሁ። እበላለሁ። ሰዉ ሁሉ ለዳዊት ያጨበጭባል። የድምፁን ባለቤት የማይስቱት እትዬ ዘውዴ ብቻ ናቸው። ያቺ ቁልፍ በተነካች ቁጥር ወደ እኔ ዞረው «ይማርህ» ይላሉ።

እኔም የጎረስኩትን ውጬ «አሜን» እላለሁ።