እጁን የማይሰድ ሰው

እናንተዬ፣ በገዛ ሆዱ የሚሸበር ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አምበር በምትባለው መንደራችን ጎረቤቴ የነበረው አያ ደምሴ እንዲያ ነበር።

በጣሊያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲከሳ የእሱ ቦርጭ ፍንክች አላለም። ጣሊያን ሲያየው «እህል ደብቋል» ይላል፤ አርበኛ ሲያየው «ባንዳ ነው፤ ጣሊያን ነው የሚቀልበው» ይላል። እስቲ አሁን በቦርጭ የተነሳ በሁለት ወገን መፈለግ አለ?

ቢጨንቀው ማለ። «ማርያምን! እስክከሳ ድረስ እጄን ወደ ገበታ አልሰድም!»

መሐላውንስ ጠበቀ። ምን ያደርጋል፣ ጉርሻ አይመለስም! ማኅበር ላይ እጁን አጣምሮ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ሴቶቹ «በሞቴ፣ አያ ደምሴ!» እያሉ ያጎርሱታል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ይከፍታል። እጁ እንደሆነ ንጹሕ ነው!

አንድ ቀን ታዲያ እንዲሁ እየጎረሰ ሳለ ጠመንጃ ያነገተ አርበኛ ከች አለ። ቦርጩን ትክ ብሎ አየና፣ «አንተ፣ ማነው የሚቀልብህ?» አለው።

አያ ደምሴ አፉ ሙሉ ነበርና መልስ አቃተው፤ ሴቶቹን በዓይኑ ተማጠነ።

የእነሱ አፍ ባዶ ነበር። አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።