መኪናዬ ኮፈኔን ስትከፍት

ትናንት ሌሊት በሕልሜ መኪናዬ ኮፈኔን ከፍታ፣ ጎንበስ ብላ ውስጤን ታይ ነበር። ቱታዬን ለብሳለች። ካቻቢቴዬን በጥርሷ ነክሳለች። እኔ በግቢያችን መካከል፣ ሁልጊዜ እሷ በምትቆምበት ቦታ፣ ዘይት እየተንጠባጠበኝ ቆሜያለሁ።

«ደምመላሽ፣ እስቲ ዓይንህን አብራ» አለችኝ።

አበራሁ። ግቢው ወገግ አለ። ወዲያው ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ።

«ይኸው! ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ነው» ብላ ለጎረቤቶቹ አሳየቻቸው። ጎረቤቶቹ አንድ ባጃጅና አንድ ያረጁ የጭነት መኪና ነበሩ። ሰው ተበላሸ ሲባል ሰምተው ምክር ሊሰጡ መጥተዋል።

«አምፖሉ ነው! አምፖሉን ቀይሪለት!» አለ ባጃጁ፣ አንድ ቦታ መቆም አቅቶት እየተሽከረከረ።

«ቀይሬለታለሁ እኮ። ሁለቱንም ዓይኖቹን።»

«እንግዲያው ባትሪው ነው! አዲስ ልብ ግዢለት!»

«አንተ ልጅ፣ በሦስት እግርህ አርፈህ ቁም» አሉት የጭነት መኪናው። ድምፃቸው የሚወጣው ከጭስ ማውጫቸው ነበር። ወደ እኔ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ የሚብስብህ ስትቆም ነው ወይስ ኮረኮንች ላይ?»

«ኮረኮንች ላይ ነው ጋሼ።»

«እሱን አይጠይቁት፤ ስለ ራሱ ምን ያውቃል» አለች መኪናዬ። ኮፈኔን ድርግም አድርጋ ዘጋችና ትከሻዬ ላይ ወጣች። «መንገድ ላይ ይታያል። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ነገ ሳይባል ሆስፒታል ሊያደርሳት ይገባል።»

እውነቷን ነበር። ሕልሙ ሁሉን ሲገለብጥ ይህን አልነካውም።

መንገዱ ከላይ፣ ሰማዩ ከሥር ነበር። እግረኞች በአስፋልቱ መሐል ይከንፋሉ፤ መኪኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ግራ ቀኝ እያዩ በዜብራው ይሻገራሉ። አሽከርካሪዎች ትራፊክ ሲያዩ በመብራት እንደሚጠቋቆሙት ሁሉ፣ እዚያ ደግሞ ትራፊክ ፖሊሶቹ ከዛፍ ጀርባ ተደብቀው፣ አሽከርካሪ መምጣቱን እርስ በርስ ይጠቋቆሙ ነበር። የእኔ ዓይን ሲርገበገብባቸው ከወገን የመጣ ማስጠንቀቂያ መሰላቸው።

«ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?» አለኝ አንዱ፣ ከቁጥቋጦው ብቅ ብሎ።

«እኔ ምንም አላልኩም። ዓይኔ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ!» ብሎ ፊሽካውን ዋጠና ሸሸ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ሕፃናት ተሰልፈው ወላጆቻቸውን ለመረከብ ይጠብቁ ነበር። ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ሆነው ያቃስታሉ፤ እናቶች ነጭ ጋዋን ለብሰው «በርታ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» እያሉ ያልፏቸዋል። ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሕፃን ከሰልፉ ወጥቶ ዞረኝ። መኪና የሚገዛ ሰው ጎማ እንደሚረግጥ፣ ቅልጥሜን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«አባቴ ነኝ የምትለው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«በዚህ ዓይን ነው እናቴን የምታመጣት?»

«ቀላል ነው እኮ፤ አንዲት ሽቦ ናት። ራሴ እሠራታለሁ።»

«ራሴ እሠራታለሁ እንዳልክ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። መንገዱን አጥርተህ እስክታይ አልወጣም» አለና ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እባክሽ ፈልጊልኝ!» አልኋት መኪናዬን።

ከትከሻዬ ወረደች። በጀርባዬ አስተኝታ እግሮቼን አነሣችና አየች።

«አረንጓዴ ነው» አለች።

ሁለቱም ውስጥ እግሮቼ አረንጓዴ ተቀብተው ነበር። ለፋሲካ እሷን በገዛ እጄ ስቀባ የተረፈው ቀለም ነው።

«ያኔ ሳትቀባ የተውከው ነገር የለም» አለች ያለ ቁጣ። «መብራቴ ከገላዬ ጋር የሚያያዝበትን፣ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን ብሎን ፈታህ፤ ሥሩን ቀባህ፤ መልሰህ አሰርክ። የእኔ ሽቦ የሚነካው ቀለም ነው፣ ብረት አይደለም፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንተም መሬት አልነካህም። ዓይንህ በምን ይርጋ?»

የብርጭቆ ወረቀት አውጥታ እግሬን ትፈገፍግ ጀመር። ኮረኮረኝ። በሳቅሁ ቁጥር ዓይኔ እየባሰበት፣ የሆስፒታሉ ግድግዳ እንደ ሰርግ ቤት ቦግ እልም አለ። ቀለሙ ለቀቀ። ደግፋ አቆመችኝ። መሬቱ ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኔ በራ፤ አልተርገበገበም።

ሕፃኑ ከደረጃው ተነሥቶ ወደ ብርሃኑ መጣ። ፊቱን ላየው ስል አፉን ከፍቶ ጮኸ። ጩኸቱ የመኪና ክላክስ ነበር፤ ጠንክሮ ጀመረና እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄዶ የትንኝ ድምፅ ሆነ።

ነቃሁ። ግንባሬ ክላክሱ ላይ ነበር። ማምሻውን መብራቱ መቼ እንደሚርገበገብ ልጠብቅ አብርቼው፣ መሪው ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል። ባለቤቴ ይመኙሻል ጋቢ ደርባ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በመስኮቱ ትመለከተኛለች። ገና አልነጋም።

«አገኘሁት!» አልኋት። «ቀለሙ ነው! ብሎኑ ሥር የቀባሁት ቀለም!»

«መብራቱስ?»

ወደ ፊት አየሁ። አጥሩ ላይ ያረፈ ብርሃን አልነበረም። ቁልፉን አዞርሁ፤ ሞተሩ ትንፍሽ አላለም። ባትሪው ተሟጥጦ አልቋል።

«መርገብገቡን ትቷል» አልኋት።

«ጎሽ» አለች። በሩን ከፈተችው። ጥርሷን ነክሳ በሩን ጨብጣ ቆየችና ተነፈሰች። «ጀምሮኛል፣ ደሜ። ውረድና ግፋ፤ መሪውን እኔ እይዛለሁ።»

ያወለቅሁት ጫማዬ ከፔዳሎቹ ሥር ቀረ። ከኋላ ሆኜ ስገፋ፣ መሬቱ በባዶ እግሬ ሥር ቀዝቃዛ ነበር።