ለጋሼ ገብስ የሠራሁት ጭራቅ

ጉድ ልንገራችሁ፣ ግን አትሳቁብኝ። ዛሬ ጀሪካን በለጠኝ።

አዎ፣ ጀሪካን! የውሃ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ኮሚክስ ሳነብ እንደ ሰው ዋናውን ጀግና አልወድም። ደረቱን ነፍቶ የሚበር ሰውዬ ምኔም አይደለም። እኔ የምወደው ድንገት ብቅ ብሎ፣ አንዴ "ግራራራ!" ብሎ፣ ገጹ ሳይገለበጥ የሚሞተውን ምስኪን ጭራቅ ነው። ደራሲው ስም እንኳን ሳያወጣለት የቀበረውን!

እነዚህን ስም የለሾች ስልኬ ላይ ሰብስቤያለሁ። አንዱን ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል፤ ካልሣልኩ እንቅልፍ የለም። ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ ሥራዬ ይሄው ነው። (እናቴ "ደግሞ ዛሬ የትኛውን ሰይጣን ነው የምትስዪው?" ትለኛለች። ፍቅር እኮ ነው።)

አጎቴ ጋሽ ደበበ ሮቤ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ከሱቁ ጀርባ ባዶ ክፍል አለች። ያቺን ክፍል ለሥዕልና ለማስታወቂያ ሥራ ስጡኝ ብዬ ያልለመንኩበት ቀን የለም። እሳቸው ግን ለፀጉር ቤት ሊያከራዩዋት ነበር።

በዚህ መሃል ጎባ መንገድ ዳር ያለው ገብሳቸው እሸት ያዘ። ወፍና ዝንጀሮ ወረረው።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጭራቅሽ እስቲ አንድ ቀን እንኳን ይጥቀመን" አሉኝ። "ማስፈራሪያ ሥሪልኝ። ገብሴ ከተረፈ ክፍሏ ያንቺ ናት።"

እኔን ነው?!

እንጨት አቁሞ አሮጌ ኮት ማልበስ ይበቃ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው። እኔ ግን አርቲስት ነኛ! ከስብስቤ ውስጥ ማንም የማያውቀውን፣ ከጉድጓድ ውሃ የሚወጣውን ባለ ሦስት ቀንድ መረጥኩ። ራሱን ከቢጫ ጀሪካን፣ ካባውን ከማዳበሪያ ከረጢት፣ ቀንዱን ከውሃ ቱቦ ሠራሁት።

ዓይኖቹስ? የባጃጅ ስፖኪዮ! ፀሐይ ሲያርፍበት ብልጭ! የሠራሁት እኔ ራሴ ደንግጬ ነበር።

በማግስቱ ከጋሼ ጋር ልናየው ሄድን።

ትልቁ ዝንጀሮ ጭራቁ ፊት ቁጭ ብሎ፣ በስፖኪዮው ጥርሱን እያየ ነበር።

ጥርሱን!

ወፎቹ ቀንዱ ላይ ተደርድረዋል። "ማል ካና?" አሉ ጋሼ፤ ምንድን ነው ይሄ ማለታቸው ነው። ሲናደዱ አማርኛው ይጠፋቸዋል።

"ገና አልተዋወቁም" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ከዚያ የባሰው መጣ። ሰው! ከሮቤ ጎባ የሚመላለሰው ባጃጅና ሚኒባስ ሁሉ ለሰልፊ ይቆም ጀመር። የዩኒቨርሲቲ ልጆች ግር ብለው መጡ። ሙሽሮች እንኳን አልቀሩም! ሚዜው በአንዱ ዓይን ክራባቱን ያስተካክላል፣ ሙሽራዋ በሌላው ሊፕስቲኳን ትቀባለች። ገብሱ ከእግራቸው ሥር ድምጥማጡ ሊጠፋ ነው። ዝንጀሮ እንኳን ፍሬውን ለይቶ ነው የሚበላው!

ጋሼ አሮጌ ኮታቸውንና አንድ ዱላ ሰጡኝ። "እስኪታጨድ አንቺው ቁሚና አባርሪ።"

ቆምኩ። ነፋሱ አጥንት ይሰብራል። ስጮኽ ስጮኽ ድምፄ ሻከረ። ግን ይሄ ሁሉ ለክፍሏ ነው ብዬ ቻልኩት።

ዛሬ አንዱ ተማሪ ስልኩን ደግኖ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እህት፣ ትንሽ ወደዚያ ጠጋ በይልን፤ ፎቶው ውስጥ ገባሽ።"

ዱላዬን ሳነሳበት ጋሼ በጋሪ መጡ። የተሰበሰበውን ሰው ለረጅም ጊዜ አዩት። ያ አስተያየት የገበሬ አልነበረም፤ የነጋዴ ነበር።

"ይሄን ሁሉ ሰው ሱቄ በር ላይ አይቼ አላውቅም" አሉና ጭራቁን ነቅለው ጋሪው ላይ ጫኑት።

"ጋሼ! ወዴት ነው?"

"ሮቤ። ሱቁ በር ላይ ይቆማል።"

"ሲመሽስ? ይሰርቁታል እኮ!" አልኩ። አያችሁ፣ እኔ ደግሞ ለእሱ አዝናለሁ!

"ክፍሏ አለች አይደል? እዚያ ያድራል።"

ክፍሏ!!!

"እኔስ?"

"አንቺማ እዚሁ ነሽ። ገብሱን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ እኮ፤ ዝንጀሮው አንቺን ሲያይ አገር ጥሎ ነው የሚሸሸው። ጎበዝ፣ ኢንተላ ኮ!"

"ልጄ" ማለታቸው ነው፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ከጭራቄ ጋር ሄዱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። ትንሽ።

አሁን ይሄን የምጽፍላችሁ ገብሱ መሃል ቆሜ ነው። የጋሼ ኮት እጅጌ ከጣቶቼ አልፎ ይንጠለጠላል፣ ፀጉሬን ነፋሱ አቁሞታል።

ቅድም አንዲት ወፍ ትከሻዬ ላይ ልታርፍ መጣች። ፊቴን አየችና አየር ላይ እንዳለች ተመለሰች።

በቃ፣ ተሳካልኝ ማለት ነው?